አባቴ የተሸከሙት ድንጋይ

ባሌ የታሰረው ጥያቄ ጠይቆ ነው። አስተማሪ ነው። የመምህራን ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ፣ «ከድባጤ ተፈናቅለው የመጡት ሰዎች ወደ ቀያችሁ ተመለሱ ሲባሉ፣ እዚያ ከጥቃት የሚጠብቃቸው ማነው?» አለ። ይኸው ነው ወንጀሉ። ሰብሳቢው «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎ አመሰገነው፤ በማግስቱ እያስተማረ ሳለ ከክፍል አውጥተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ «ጥሩ ጥያቄ ነው» የሚል ሰው ስሰማ ዞር ብዬ ከኋላው ማን እንደቆመ አያለሁ።

እኔ አሶሳ ገበያ ሽንኩርት ነው የምሸጠው። ሰው እንዴት እንደሚታሰር እንጂ እንዴት እንደሚፈታ የማውቀው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሥራ ባልደረቦቹ ነው። አብዛኞቹ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ናቸው፤ አብረውት ሲስቁ፣ አብረውት ሲበሉ የነበሩ። ጎዳና ላይ ሲያዩኝ ዞር ብለው ያልፋሉ፤ ሰው የሌለበት ቦታ ሲያገኙኝ ደግሞ «አይዞሽ» ይሉኛል። አንዷማ «ዝም አይነቅዝም» ብላ መከረችኝ። እንዳፏ ያድርግላት። ዝም ባይነቅዝም እስር ቤት የተረሳ ሰው ይነቅዛል።

ከመሃላቸው አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ብቻ ቤቴ ድረስ መጣች። ወሬ አታበዛም። «ብቻሽን አትሂጂ» አለችኝ። «ብቻዋን የሄደችን ሴት አልቅሳ ትሂድ ነው የሚሏት። ብዙ ሆነን፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ። ይቅርታ አድርጉልን አንልም። በምን ወንጀል ታሰረ? ይኸው ብቻ።»

እንዳለችው አደረግን። ሰኞ ሰኞ ጠዋት እሷ፣ እኔ፣ ሁለት ሽንኩርት ሻጭ ጓደኞቼና ማንጎ የምትሸጥ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ጎረቤቴ ሆነን ባሌን ያሰረው የፀጥታ ቢሮ በር ላይ እንቆማለን። አንጮህም፣ አናለቅስም። ዘበኛው መጀመሪያ ቀለደብን፤ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትሸጡ ነው?» አለ። ኋላ ኋላ ግን ገና ሲያየን ፊቱ ይጠቁር ጀመር። ኃላፊው አስገብቶ «እየተጣራ ነው» ይለናል። «ምኑ?» እንለዋለን። ወረቀት ያገላብጣል። መልስ እንደሌለው እኛ አወቅን፤ እኛ እንዳወቅን ደግሞ እሱ አወቀ። አንድ ሰኞ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ትንሽ ታገሡ፣ የተገኘበት ነገር የለም» አለን። የዚያን ቀን ከገበያ ስመለስ እየዘፈንኩ ነበር፤ ትንሿ ልጄ «አባዬ ሊመጣ ነው?» አለችኝ፤ «ሊመጣ ነው» አልኳት።

ይህን ጊዜ ነው አባቴ የገቡበት። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ መኪና ተጭነው የመጡ ሰው ናቸው፤ ይኸው እዚህ አርጅተውም ንግግራቸው የወሎ፣ ሽምግልናቸውም የወሎ ነው። ሴቶች በየሳምንቱ ባለሥልጣን ደጅ መቆማችን አሳፈራቸው። «መንግሥትም እኮ ሰው ነው» አሉ። «አንገት ሲደፉለት ይራራል። ድንጋይ ተሸክመን እንሄዳለን።» በአገራቸው ሰው የበደለ ጊዜ ዘመድና ሽማግሌ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ተበዳዩ ደጅ ሄዶ ጎንበስ ይላል። ተበዳዩ «አውርዱ» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ደምም ቢሆን ይደርቃል።

«አባባ፣ እኛ እኮ አልበደልንም» አልኳቸው።

«አንቺ ስለ ሽምግልና ምን ታውቂያለሽ?» አሉ። አለቀ፤ አባቴ ከሴት ልጃቸው ምክር ተቀብለው አያውቁም። በሠፈራ አብረዋቸው የመጡትን ሽማግሌዎች ሰበሰቡ።

ጎረቤታችን፣ አንድ የበርታ ሽማግሌ፣ ለወዳጅነት ሲሉ አብረዋቸው ሊሄዱ መጡ። ድንጋዮቹን አይተው አባቴን «ይሄ ልጅ ሰው ገደለ?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ አልገደለም!»

«ታዲያ ድንጋይ ለምን?»

አባቴ ድንጋያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው መንገድ ጀመሩ። እሳቸውም ዱላቸውን ብቻ ይዘው ከኋላ ተከተሉ።

ኃላፊው እንደዚያ ቀን ደግ ሆኖ አያውቅም አሉ። ራሱ ውጭ ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። ብቻ «አውርዱ» ከማለቱ በፊት ካሜራ የያዘ ልጅ እስኪመጣ ትንሽ አቆያቸው። የሰባ ዓመት ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው ፀሐይ ላይ ጎብጠው ጠበቁ። ከዚያ አስወረዳቸው፣ ለስላሳ አስጠጣቸው። አባቴ ቤቴ ሲገቡ ፊታቸው ያበራ ነበር። «በይ ቤትሽን አዘጋጂ፣ አውርዱ ብሎናል» አሉኝ።

በማታው ዜና ወጡ። የአገር ሽማግሌዎች በመምህሩ ጥፋት ተጸጽተው ሕዝብንና መንግሥትን ይቅርታ ጠየቁ ተባለ። አባቴ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ነበር ያዩት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ከእኛ ደጃፍ ወንጀል ተቆረጠ።

ሰኞ ሄደን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅን። ኃላፊው ሳቀ። «ወንጀሉንማ አባትሽ ያውቁታል፤ እሳቸውን ጠይቂ» አለኝ። የሒሳብ አስተማሪዋ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየችም፤ ሩቅ ጠረፍ፣ ጉባ አዛወሯት። አባቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ለሽምግልና ሲጠራቸው ጉልበቴን አሞኛል ይላሉ። አዝንላቸዋለሁ፤ ደግሞ እናደድባቸዋለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚመጣብኝ።

ከዚያ ለባሌ መውጫ ቀዳዳ አበጁለት። ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ጠይቀውልሃልና አንተም መምህራኑ በተሰበሰቡበት ቆመህ አጥፍቻለሁ በል፣ በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ አሉት። እምቢ አለ። ረቡዕ ስንቅ ይዤ ሄጄ በአጥሩ በኩል አገኘሁት። ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል።

«ምኑን ነው አጥፍቻለሁ የምለው?» አለኝ። «ሰዎቹ እኮ እስካሁን ጠባቂ የላቸውም።»

እውነቱን ነው። እኔ ግን እውነት አልሰለቸኝም ብል ውሸት ነው። ልጄ ማታ ማታ በሩ ሲንኳኳ እየሮጠች ትከፍታለች፤ ጎረቤት ይሆናል። እኔ ጀግና አላገባሁም፤ ቤቱ የሚያድር ባል ነው ያገባሁት።

«በቃ በላቸው» አልኩት። «አንድ ቃል ናት። በላቸውና ና።»

«አንቺም?» አለኝ።

አዎ፣ እኔም። ምሳ ዕቃውን ተቀብሎኝ ወደ ውስጥ ገባ።

አሁንም አራታችን ሰኞ ሰኞ ቢሮው በር ላይ እንቆማለን፤ እነሱን ልቀቁት እላቸዋለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ አጥሩ ጋ ቆሜ እሱን ውጣልኝ እለዋለሁ። ሁለቱም እምቢ ብለውኛል።