ጦይባና ቢጫው የበረዶ ሞተር

ጦይባ ከኮምቦልቻ ሊባኖስ መጥታ ፋናር ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች ጊዜ፣ ጋራዡ ውስጥ ብርድ ልብስ የለበሰ፣ በረዶ ላይ የሚነዳ ቢጫ ሞተር አገኘች። አሠሪዋ ናዲም፣ እሷ "ሙሴ" የምትላቸው፣ ከአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት የገዙት ነው። መኪናቸው ደጅ ያድራል፤ እሱ ግን ጣሪያ አለው።

በ1996 የበረዶ ወራት ሙሴና ሚስታቸው ሞተሩን ከመኪናው ኋላ ጭነው፣ ምሳ እንድታቀርብ ብለው ይዘዋት ወደ ተራራው ወጡ። ሙሴ የማስነሻውን ገመድ ደጋግመው ቢስቡትም ሞተሩ እምቢ አለ። አዳዲስ ሞተር የያዙ ጎረምሶች እየሳቁ አለፏቸው።

"ኸላስ፣ በቃኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ!" ብለው ሙሴ በረዶው ላይ ቁጭ አሉ።

ጦይባ ያደገችው አባቷ ወፍጮ ቤት ነው፤ ብርድ የያዘው ሞተር አዲሷ አይደለም። ካንዴላውን ፈታች፣ በሽርጧ ጠረገች፣ መልሳ አሰረችው። እግሯን ተክላ ገመዱን ስትስብ በሦስተኛው ዱፍ ዱፍ አለና ሰማያዊ ጭስ ተፋ።

"ያላ፣ በይ ጦይባ! የቀሰቀስሽው አንቺ፣ የምትነጂውም አንቺ!" አሉ ሙሴ ከተቀመጡበት ዘለው እየተነሱ።

"ናዲም፣ አበድክ እንዴ?" ብለው ማዳሟ ከመኪናው ውስጥ ጮኹ።

ጦይባ ግን ሄዳለች። ሻርፗ እየተውለበለበ፣ "ያ አላህ!" እያለች ኮረብታውን ዞረችው። ስትመለስ ዓይኗ በብርድ ያነባል፣ አፏ ይስቃል።

"ሙሴ፣ አንዴ ልድገም?"

ከዚያ ወዲያ በረዶ በጣለ ቁጥር እየነዳች ሙሴን ከኋላ ታፈናጥጥ ጀመር። ሞተሩ ላይ ተቀምጣ የተነሳችውን ፎቶ አገር ቤት ብትልክ እናቷ በካሴት መለሱላት፦ "ልጄ፣ ተመችቶሻል መሰል። ለመሆኑ ያ የምትጋልቢው ቢጫ ምን ይበላል?"