የሦስተኛ ልጅ ቲኬት

ባለፈው እሑድ የአራት ዓመት ልጄን በአንድ እጄ፣ እናቴን በሌላው ይዤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የልጆች መጫወቻ ቦታ በር ላይ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ፀሐይ ያሞቀው የግራሶ ሽታ ከፈንዲሻና ከተቃጠለ ስኳር ሽታ ጋር ተደባልቆ መጣና አፍንጫዬን ሞላው። ወንበሮቹን አንጠልጥሎ ወደ ላይ ከሚያወጣው ትልቁ ሽክርክሪት ብረት ላይ የሚመጣ ሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ልጅነቱ ትዝ ብሎት ፈገግ ይል ይሆናል። እኔ ግን ከሰልፉ ወጥቼ ልመለስ ዳዳኝ፤ የቲኬት ቆራጯ መስኮት ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ሳነብ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ልጅ ይህን ያህል፣ አዋቂ ይህን ያህል ይልና ከታች በደቃቅ ፊደል «ሞግዚት በነፃ ትገባለች፤ መሳፈር አይፈቀድም» ይላል። ይህን ማስታወቂያ ከዚህ በፊት በዐረብኛ አንብቤዋለሁ።

ያደግሁት ካርቱም ነው፤ ጀሪፍ፣ ከጥቁር ዓባይ ብዙ ሳይርቅ፣ ከሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ጋር በምንጋራው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል። አባቴ የገዳሪፍ ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አንድ ቀን ሰሊጥ ጭኖ እንደወጣ ቀረ። ለእኔ የተወልኝ መልኩንና ሰልማ የሚለውን ስም ብቻ ነው። መልኩ ግን ጠቅሞኛል፤ ዐረብኛዬም የሰፈሩ ልጆች ዐረብኛ ስለነበር ማንም አይቶም ሰምቶም ሐበሻ ናት አይለኝም። እናቴ ታደለች ግን ስንት ዓመት ኖራ እንኳ አፏን ከከፈተች አለቀ፤ ማን እንደሆነች ይታወቅባታል። የምትሠራው አል-ጣኢፍ ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ማዳም ኒማት የምትባል ሴት ቤት ነበር፤ ታጥባለች፣ ትወለውላለች፣ ሁለቱን ልጆች ታሳድጋለች። ትልቋ ሪሃብ እኩያዬ ናት፤ ትንሹ ማዚን ያኔ ገና ድክ ድክ ይል ነበር።

መላሂ፣ ሱዳኖች የመጫወቻ ቦታውን እንዲህ ነው የሚሉት፣ መጀመሪያ የሄድኩት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው፤ ከእናቴ ጋር፣ በዒድ ማግሥት፣ እረፍት በተሰጣት ቀን። መግቢያው ያኔ ርካሽ ነበር። እናቴ ከሱዳኖች ጋር ለመመሳሰል ብላ ከጎረቤት ሐምራዊ ቶብ፣ የሴቶቹን ረጅም መጠቅለያ ጨርቅ፣ ተውሳ ተጠቅልላበት ነበርና፣ ገና አውቶቡስ ውስጥ ሳለን እየተፈታ መሬት ለመሬት መጎተት ጀመረ፤ ከኋላችን የተቀመጡ አሮጊቶች አስቁመው፣ አዙረው፣ እየሳቁ ሲጠቀልሏት እሷም እንደ ሕፃን እጇን ዘርግታ ቆመች። የፊት ጥርሷ አንዱ ወልቆ ስለነበር ስትስቅ ሁልጊዜ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሽክርክሪቱ ከጫፍ ደርሶ ወንበራችን ሲንጠለጠል ግን ሁለት እጆቿ የያዙት ብረቱን ነበር፤ ያ ሁሉ የዒድ ሕዝብ እየሰማ «ድረሽልኝ ማርያም!» ብላ ጮኸች። ከፊታችን የተቀመጡ ጎረምሶች እስኪመሽ ድረስ ባገኙን ቁጥር ጩኸቷን እያስመሰሉ ዋሉ። እሷም አፏን ሳትሸፍን፣ ክፍተቱ እየታየ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

ከዚያ ደቡቡ ተገንጥሎ ነዳጁ አብሮት ሄደና በካርቱም የማይወደድ ነገር ጠፋ። ዳቦው አነሰ፣ ስኳሩ ተደበቀ፣ መላሂውም ብልጥ ሆነ፤ መግቢያው ለብቻ፣ እያንዳንዱ ጨዋታ ለብቻ መከፈል ጀመረ። በቀጣዩ ዒድ እናቴና እኔ በሩ ድረስ ሄደን ዋጋውን ካነበብን በኋላ በፕላስቲክ የታሰረ የከርካዴ መጠጥ ገዝታልኝ፣ ከአጥሩ ውጪ ካለች የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሽክርክሪቱን ስናይ አመሸን። «የሚመጣው ዒድ ኢንሻላህ» አለችኝ። እኔ ኢንሻላህ ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ተኮራርፈን ተመለስን፤ በእርግጥ ያኮረፍኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በዓመቱ መላሂው የቤተሰብ ቲኬት የሚባል ነገር አመጣ። አንድ አባት፣ አንድ እናት፣ እስከ ሦስት ልጅ፣ በአንድ ዋጋ፤ ከዚያ ውጪ ያለ ሰው በነፍስ ወከፍ ዓይን የሚያወጣ ገንዘብ ይከፍላል። የማዳም ኒማት ባል፣ ሰው ሁሉ ባሽሙሃንዲስ የሚለው ኢንጂነር፣ የተከፈለበት ነገር ሲባክን እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር፤ በሩ ተዘግቶ ኤርኮንዲሽን ሲሠራ ሰው የሌለበት ክፍል ካገኘ ሂዱ ተቀመጡበት ይል ነበር። ሦስት ልጅ ተፈቅዶ ሁለት ይዞ መግባት ለእሱ ያው ብክነት ነው። ሪሃብም ብቻዬን ይደብረኛል ብላ አለቀሰች። እንዲህ ሆኖ ነው ሦስተኛ ልጅ የሆንኩት፤ ደግነት አልነበረም፣ ቁጠባ ነበር። እናቴ ምግቡን ተሸክማ እስከ በሩ ትመጣና ውጪ ትጠብቃለች ተባለ። ማዳም ኒማት የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩ ላይ አፍሽን እንዳትከፍቺ አለችኝ።

በሩ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ነበር። ዘበኛው ቲኬቱን ገልበጥ አድርጎ አየና እኔን፣ ቀሚሱን፣ ከዚያም የእናቴን ፊት ተመለከተ። ጎንበስ ብሎ፣ በክፋት ሳይሆን ሥራው ስለሆነ፣ ጠየቀኝ።

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ይህቺ ሐበሻ እናትሽ ናት?»

ባሽሙሃንዲስ ጉሮሮውን ጠረገ። ማዳም ኒማት መልስ ስታበጃጅ አየኋት፤ ትንሽ ብጠብቅ ኖሮ እሷ ትዋሽልኝ ነበር። አልጠበቅሁም። ሽክርክሪቱ ከጀርባው ሲዞር ይታየኛል።

«ላ፣ አይደለችም» አልኩት ቀሚሱን ለቅቄ። «ሸጋላችን ናት።»

ሸጋላ የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ማንም በዪ አላለኝም፤ ቃሉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፣ ድምፁም የሪሃብ ድምፅ ነበር። ዘበኛው አረጋግጪልኝ በሚል ዓይነት እናቴን ሲያያት «አይዋ» ብላ ራሷን ነቀነቀችለት፤ ምግቡን ለማዳም አቀብላ ወደ ኒም ዛፏ ሄደች። እኔ ገባሁ። የሚያሳፍረውን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ዋለ። ጥጥ የመሰለውን ስኳር በላሁ፣ በሚጋጩት መኪኖች ሪሃብን አሸነፍኳት፣ ባሽሙሃንዲስን በሰው ፊት አንድ ጊዜ «ባባ» ብዬ ጠራሁት፤ እሱም ሳያስበው ዞር አለልኝ።

ሽክርክሪቱ ላይ ከሪሃብ ጋር ተቀምጬ ከላይ ስደርስ እናቴን ከአጥሩ ውጪ አየኋት። ቆማ፣ አንገቷን አንጋጣ፣ እጇን ታውለበልባለች። የምታውለበልበው ግን ለእኔ አልነበረም፤ ከእኛ ሁለት ወንበር አልፎ ለተቀመጠች፣ እንደ እኔ ቢጫ ለለበሰች ለሌላ ልጅ ነበር። ወንበሩ በዞረ ቁጥር ለዚያች ልጅ እያውለበለበች፣ ያቺ ልጅ ደግሞ ማን ናት ይህቺ እብድ ብላ ስታያት፣ እኔ እናቴን አንድ ጊዜ ብጠራት ወይ እጄን ባነሳ ይበቃ ነበር። ሪሃብ አጠገቤ ስለነበረች አላነሳሁም። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እናቴ ከላይ ሆነሽ አየሽኝ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላየሁሽም አልኳት። በሩ ላይ ስላልኩት አንዲት ቃል አላነሳችም።

ዓሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ቤንዚን ጨመረ፣ ከቤንዚን ጋር ሁሉም ነገር። የቤተሰብ ቲኬቱም ቀረ። አሁን እያንዳንዱ ልጅ እጁ ላይ የሚታሰር የወረቀት አምባር መግዛት ነበረበት፤ አምባሩ ውድ ስለሆነ ባሽሙሃንዲስ እንኳ ዘንድሮ ይቅርብን ብሎ ሁለት ቀን ተከራከረ። ሪሃብ አልቅሳ አሸነፈችው። ሰልማም ትመጣለች ሲባል ስሰማ ልቤ ዘለለ። ሦስተኛ አምባር የሚገዙልኝ መሰለኝ፤ አንድ ጊዜ ልጃቸው ሆኜ ስለነበር ልጅነት እንደዚያ ተወስዶ የሚቀር አልመሰለኝም። ሪሃብ የጠበባትን ሰማያዊ ቀሚስ ሰጥታኝ ነበርና እሱን ልልበስ ስል እናቴ ቡናማውን የቤት ቀሚስሽን ልበሺ አለችኝ። እንቢ አልኩ። ሰማያዊውን አጥባ፣ ተኩሳ አለበሰችኝ። ጉልበቷ ታምሞ ስለነበር እያነከሰች በሩ ድረስ አብራን መጣች።

በሩ ላይ ባሽሙሃንዲስ ሁለት አምባር ገዛ። አንዱን ሪሃብ፣ አንዱን ማዚን አሰሩ። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ዘበኛው፣ ሌላ ዘበኛ ነው፣ የተዘረጋ እጄን አይቶ ይህቺስ ብሎ ጠየቀ። ከኋላው ግድግዳው ላይ ልጆች የምትጠብቅ ሠራተኛ በነፃ እንደምትገባ፣ መሳፈር ግን እንደማትችል ተጽፎ ነበር። ሪሃብ አምባሯን እያየች፣ ቀና እንኳ ሳትል መለሰችለት።

«ሸጋላችን ናት።»

ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። እንደምታውቅ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከዋዜማው ጀምሮ ታውቃለች፣ ማዳም ጉልበትሽን አሳርፊ፣ ከማዚን ኋላ ሰልማ ትሩጥ ብላታለች። አንድ ነገር እንድትል ጠበቅሁ፤ ልጄ ናት እንድትል፣ ወይም እጄን ይዛ ወደ ቤት እንድትመልሰኝ። እሷ ግን የማዚንን ልብስና ውሃ የያዘውን ቦርሳ ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠችኝና፣ እንደ ሥራ ባልደረባዋ፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«በግራሽ ያዢው። ቀኙ ለልጁ ይሁን። ያላ፣ ግቢ።»

ያን ቀን ሽክርክሪቱ ሥር ያልከፈለ ሰው ከማያልፈው ገመድ ወዲህ ቆሜ የሪሃብን ጫማ ይዤ ዋልኩ። ከላይ ሆና ስታውለበልብልኝ እኔም አውለበለብኩላት፤ ሥራዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ አል-ጣኢፍ ሄጄ እናቴን አግዛለሁ፤ ቀስ በቀስ ቅዳሜም ተጨመረ። ሪሃብ ስሜን ከመጥራት ይልቅ በጣቷ ማመልከት ለመደች። እናቴ የሰጠችኝ ምክር ቅጣት ይሁን ርኅራኄ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ቅጣት ነው ብትለኝ ይቀለኝ ይመስለኛል።

ጦርነቱ ሲመጣ በመተማ በኩል ወጣን። አሁን አንድ ቢሮ ውስጥ ዐረብኛ እተረጉማለሁ፤ ደመወዜ ያኖረናል። ለዚያ እሑድ ደግሞ ሁለት ወር ብር አጠራቀምኩ። የሄድነው ለልጄ ብቻ ብዬ አልነበረም፤ እናቴን አንድ ጊዜ ወንበሩ ላይ አጠገቤ ላስቀምጣት፣ ከላይ ሲንጠለጠል ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ማርያምን ስትጠራ፣ አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ልይ ብዬ ነው። ከቤት ስንወጣ ይህን ነግሬያት እየሳቀች፣ አፏን በእጇ ሸፍና፣ አብደሻል ብላኛለች። ጥርሱን ካስተከለች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

ተራችን ደረሰ። የሁለት አዋቂና የአንድ ልጅ ብር ቆጥሬ እጄ ላይ ይዣለሁ። ቲኬት ቆራጯ ልጅ የኔን የቢሮ ጫማ አየች፣ የእናቴን ነጠላና የላስቲክ ጫማ አየች።

«እሳቸው ሞግዚት ናቸው?»

አፌን ከፈትኩ። ማለት ያለብኝ አንድ ቃል ነው፣ እናቴ፣ ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው። ብሩም በእጄ ነው። ነገር ግን እኔ ከመተንፈሴ በፊት እናቴ ፈጥና፣ ልጅቷን ላለማስቸገር ያህል፣ መለሰችላት።

«አዎ የኔ ልጅ፣ ሞግዚት ነኝ።»

ከኋላ ሰልፉ ይገፋል። ልጄ ሽክርክሪቱን እያየች እጄን ትጎትታለች። የአንዱን አዋቂ ብር ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ይህን ያደረገው የእኔው እጅ ነው፤ ዛሬም እያየሁት ነው። እናቴ የልጄን ቦርሳ ከትከሻዬ ወስዳ በግራ እጇ ያዘች፣ ቀኟን ለልጄ ሰጠቻት፣ ገባን።

እናቴ ከገመዱ ወዲህ ቀርታ እኔና ልጄ ወጣን። ከላይ ስንደርስ ወደ ታች አየሁ፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ አንገቷን አንጋጣ ታውለበልባለች። ከወንበሩ ተንጠልጥዬ እጄን የቻልኩትን ያህል ከፍ አድርጌ አውለበለብኩላት፣ «እማዬ!» ብዬም ጮህኩ። ዓይኗ ደክሟል። የምታውለበልበው ከእኛ ሁለት ወንበር አልፎ ለተቀመጠች ለሌላ ሴት ነበር።