የእትዬ አማረች እናት መልክ

ካዛንቺስ ከሚገኘው ሥዕል ቤት ሥራ ፍለጋ የገባሁ ዕለት፣ ባለቤቱ ጋሽ ኃይሉ ከእግር እስከ ራስ አዩኝና «ሴት ሠዓሊ አሠርቼ አላውቅም፤ ብሩሽ ማጠብ ትችያለሽ?» አሉኝ። «እችላለሁ፤ መሣልም እችላለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። በቃ፣ ወር ሙሉ ብሩሽ በቲነር ሳጥብ፣ ሸራ በእንጨት ላይ ስወጥር ከረምኩ። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ የብስክሌት መንገድ አልፎበታል።

ሥራችን ከጉርድ ፎቶ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ማውጣት ነበር። ፎቶው ላይ በእርሳስ ካሬ ታሰምራላችሁ፣ ሸራው ላይ ያንኑ አስፍታችሁ ታሰምራላችሁ፣ ከዚያ ካሬ በካሬ ታወርዳላችሁ። ዓይኑ ካልያዘ ሌላው ዋጋ የለውም። በገባሁ በሁለት ዓመቴ ከቤቱ ወንዶች ሁሉ ዓይን የሚሆንልኝ እኔ ነበርኩ። ጉራ አይደለም፤ ማለቴ፣ ጉራም ቢሆን እውነት ነው።

ጋሽ ኃይሉ አንድ ሕግ ነበራቸው። «ስንዱ፣ ሰው ሥዕሉን ሲያይ ከመስታወቱ ቀላ ብሎ መታየት አለበት። ገበያ ማለት ይሄ ነው» ይሉኛል። እኔም ነጭ፣ ቢጫና ቀይ እየቀየጥኩ ጠይሙንም ጥቁሩንም ቀይ ዳማ ሳደርግ ኖርኩ። ደንበኛውም መርቆ ይወስዳል። እኔ ራሴ ሰፈር ውስጥ «ጥቁሯ» እየተባልኩ ያደግኩ ነኝ፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አልከነከነኝም።

በስምንተኛው ዓመት እትዬ አማረች የሚባሉ የላንቻ ሴት የሟች እናታቸውን ፎቶ አመጡ። ለሙት ዓመቱ ነበር። እንደ ሕጉ ሣልኩት። ሊወስዱ ሲመጡ ቆመው ብዙ አዩት።

«የሌላ ሰው ነው የሰጣችሁኝ» አሉ።

ጋሽ ኃይሉ ፈገግ ብለው «አሳምረናቸው ነው እንጂ እሳቸው ናቸው» አሏቸው።

«እናቴ ጥቁር ነበረች» አሉ እትዬ አማረች፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «በሕይወት ሳለች በጥቁረቷ ሰደቧት። ስትሞት ደግሞ እናንተ አጠባችኋት።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ ይታገሱኝ፤ እደግመዋለሁ» አልኳቸው።

ሴትየዋ ሲወጡ ጋሽ ኃይሉ በሩን ዘጉ። «ይሄን ከደገምሽ ነገ ሁሉም ተመልሶ ድገሙልኝ ይላል። እምቢ ካልሽ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። እኔ የምኖረው በዚያ ሥራ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በእኔ።

ቢሆንም ጀመርኩት። የባሰ አታምጣ የሚባለው ይሄኔ ነው፤ አልቻልኩበትም። ጥቁር ቀለም ከቱቦው አውጥቼ ብቀባ የእናትየዋ ፊት ከሰል መሰለ። ቡናማ ብጨምርበት ጭቃ ሆነ። ሁለት ቀን ስቀባና ስፍቅ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ተናድጄ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩና የእጄን ቆዳ አየሁት። አንጓዬ ላይ ሰማያዊ አለ፣ ጣቶቼ መሃል ቀይ አለ፤ ከቱቦ የሚወጣው ጥቁር ግን የትም የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው መልክ ስቀይጥ የራሴን አንዴም ቀይጬ አላውቅም። እንባዬ መጣ። ከዚያ ቡናማ፣ ሰማያዊና ቀይ አንስቼ፣ ከእጄ ጀርባ ጋር እያስተያየሁ መቀየጥ ጀመርኩ።

ቅዳሜ እትዬ አማረች መጡ። ሥዕሉን አዩና ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» አሉት። ጋሽ ኃይሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጋሽ ኃይሉ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ነበሩ፤ ሰኞ ቁልፉን ተቀበሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ደምበል ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ የመጀመሪያ ደንበኛዬ የእትዬ አማረች እህት ሆኑ። ዛሬም እሠራለሁ። «ቀላ አድርጊኝ» የሚለኝ ሲመጣ ሌላ ቤት እጠቁመዋለሁ።

ለእናንተ ለጀማሪዎቹ የምነግራችሁ ይህን ነው፤ ስምንት ዓመት አሳመርኩ ስል የኖርኩት መሣል ስለማልችል ነበር።