የእትዬ ወርቅነሽ ዘፈን

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ውስጥ ቀሚስ ላስጠብብ ልብስ ሰፊ ቤት ገብቼ የስፌት መኪና ዘይት ሸተተኝ። እትዬ ወርቅነሽ ትዝ አሉኝ።

ዲላ ጎረቤታችን ነበሩ። ግቢያችንን የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ነው። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ የሰፉት እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ ይዘፍኑ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ካሴት ላይ የገባላቸው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ እሱም ከሌሎች ዘፋኞች ጋር ተደባልቆ። ሲያገቡ ባላቸው ስላልወደዱላቸው ዘፈኑን ተዉት። ካሴቱንም ሰው ተውሶት በዚያው ቀረ። እኛ ሲያንጎራጉሩ እንኳ ሰምተናቸው አናውቅም።

ሃይስኩል ስገባ ኤፍ ኤም መጣ። መጀመሪያ የድሮ ዘፈን የሚሰማው እሁድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ሰዉ ወደደው፤ በየቀኑ ሆነ፤ ከዚያ ሌሎቹም ጣቢያዎች ተከተሉ። ፀጉር ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ፣ ይርጋጨፌ የሚወጣው ሚኒባስ፣ ሁሉም እናቶቻችን የጨፈሩበትን ዘፈን ከፍቶ ይውል ጀመር። እትዬ ወርቅነሽም ትንሽ ሬዲዮ ገዙ። ከዚያ ወዲያ እግራቸው ፔዳሉ ላይ፣ ጆሯቸው ሬዲዮው ላይ ሆነ።

አንድ የገበያ ቀን ዩኒፎርሜን ልወስድ ሄጄ ቆሜ ሳለ፣ አዘጋጁ የአንዲት ታዋቂ ዘፋኝ ስም ጠርቶ ዘፈን ለቀቀ። እትዬ ወርቅነሽ መኪናውን አቆሙ። መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ ዘርግተው፣ ከንፈራቸው ግጥሙን እየቀደመ፣ እስኪያልቅ አልተነቃነቁም።

«ይቺ ሴትዮ እንዴት አድርጎ ነው የሚዘፍነው!» አሉ ከጪጩ የመጡ፣ አፋቸውን በጌዴኦኛ የፈቱ አንድ ደንበኛ።

«እኔ እኮ ነኝ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ፣ ቀስ ብለው።

ሰውዬው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሳቸውም አብረው ሳቁና ፔዳሉን ረገጡ።

ልጃቸው ትዕግሥት ጣቢያው ደውላ፣ «ስሙ ተሳስቷል፤ የዘፈነችው እናቴ ናት» ብትል፣ «ማስረጃ አላችሁ?» አሏት። ከየት ይምጣ? ዘፈኑ ግን ተወደደ። በየጣቢያው ይመረጥ ጀመር፤ ሁልጊዜ በዚያው ስም።

«ተይው ልጄ፣ ተሰማ አይደል» ይሏት ነበር። ስሙ በተጠራ ቁጥር ግን መቀሳቸውን ያስቀምጣሉ።

ሲሞቱ ለቀስተኛው ሁሉ ጎበዝ ሰፊ እንደነበሩ አወራ። ስለ ዘፈኑ ያነሳ አልነበረም።

የስፌት ቤቱን አሁን የያዘችው ትዕግሥት ናት። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ያ ዘፈን ሲደርስ፣ አዘጋጁ የታዋቂዋን ዘፋኝ ስም ሲጠራ ድምፁን ትቀንሰዋለች። እናቷ መዝፈን ሲጀምሩ እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለች።