ሁለት ጊዜ የፈላው ሩዝ

ደሴ እያለን ወጥ አይደፋም ነበር። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ እስኪንተከተክ ይፈላና ሦስት ቀን፣ ሲብስም አራት ቀን ይበላል። ፍሪጅ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ ሆዳችንን ያመመን ቀንም ትዝ አይለኝም። ካርቱም ስመጣ ይህን ልማድ ይዤው መጣሁ።

አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር፣ በምሠራበት ቤት የምንከባከባቸው የጌታዬን እናት ነበር። ሁሉም «ሀቡባ» ይላቸዋል፤ አያቴ እንደማለት ነው። ስኳር አለባቸው። አንድ ሐሙስ ለምሳ እንግዳ መጥቶ፣ በሥጋ የተሠራ ሩዝ ግማሽ ድስት ተረፈ። ካህረባው፣ መብራቱ ማለቴ ነው፣ ከቀትር ጀምሮ ጠፍቶ ፍሪጁ ውስጡም እንደ ውጭው ሞቋል። የአላህን ሲሳይ ቆሻሻ ላይ መድፋት አልሆነልኝም። ድስቱን ከድኜ ወጥ ቤት አሳደርኩት። ዓርብ ጠዋት ውኃ ጠብ አድርጌ በደንብ አፈላሁት። አሸተትኩት፤ ምንም አይልም። ከረመዳን የቀረብኝን ጾም እየከፈልኩ ስለነበር ግን አልቀመስኩም።

ሀቡባ ሁለት ሳህን በሉ። «ትናንት እንግዶቹ ቀምተውኝ ነበር» እያሉ።

ወንዶቹ ለጁምዓ ወጥተው ሳይመለሱ ሀቡባ ማስመለስ ጀመሩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላማ መቁጠሩንም ተውኩት። ከንፈራቸው ደረቀ፣ እጃቸው ቀዘቀዘ። የልጅ ልጃቸው የሕክምና ተማሪ ናት፣ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። ስኳራቸውን ለክታ ፊቷ ተለወጠ።

«ኻልቲ፣ ምን በሉ?» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

«የቤት ምግብ ነው» አልኳት።

ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

«እንግዲያው አዲሱ ኪኒን ነው፤ አልተስማማቸውም» ብላ ለሐኪማቸው ደወለች። እኔ ፎጣ እጨምቃለሁ፣ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ከንፈሬ አስተግፊሩላህ ይላል፤ ልቤ ግን የመኖሪያ ወረቀቴን፣ ሻንጣዬን፣ ብባረር የማድርበትን ያስባል። ከፊቴ ሰው እየደከመ ነው፤ እኔ የማውቀውን ይዤ ዱዓ አደርጋለሁ። ይሄ ምን ዓይነት ዱዓ ነው?

«ሩዙ ነው» አልኩ። «የትናንቱ። ግን ወላሂ ጠዋት አንተክትኬዋለሁ!»

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። «የት ነበር ያደረው?»

«ወጥ ቤት።»

«በዚህ ሙቀት?»

አልጮኸችብኝም። ያልኳትን ለሐኪሙ ደገመችለት፤ ቶሎ አምጧቸው አለ። መኪናው ውስጥ ሀቡባን መሃላችን ደግፈን ስንሄድ አስረዳችኝ። ሩዝ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ አለ፤ ሩዙ ሲቀቀል ዘሩ ሁሉ አይሞትም። ሩዙ ሞቅ እንዳለ ሲያድር ይራባል፣ መርዝም ያመነጫል። «በማግስቱ ስታፈዪው ባክቴሪያው ይሞት ይሆናል» አለችኝ፤ «መርዙ ግን እሳት አይፈራም። ሽታም የለውም።»

እሳት የነካው ሁሉ የጸዳ ይመስለኝ ነበር። በልጅነቴ የዳንኩት ለካ በእናቴ እሳት ብቻ አይደለም፤ በደሴ ብርድ ጭምር ነው።

ክሊኒክ ክንዳቸው ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ተከሉላቸው። አንድ ወንበር ላይ አልረጋ ብዬ፣ ጠብታውን እያየሁ፣ ኮሪደሩን ስመላለስ ቆየሁ። የዐስር ሶላት ሰዓት ሲደርስ ማስመለሱ ቆመ። ሀቡባ ዓይናቸውን ገልጠው ፈለጉኝ።

«ያ ቢት» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ «እንግዶቹ ያተረፉት ለካ አውቀው ነው!»

የልጅ ልጃቸው ሳቀች። እኔ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ።

ማታውን ቤት ገባን። በማግስቱ ጾሙን ለሌላ ቀን አቆየሁት። አንድ ጭብጥ ሩዝ ቀቅዬ፣ ትኩሱን አቅርቤ፣ ፊታቸው ቁጭ ብዬ አስቀድሜ ጎረስኩ። ከዚያ በሉ። እኔ ከንፈራቸውን፣ ግንባራቸውን፣ እጃቸውን አያለሁ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? አልሞትኩም። ያላ፣ ጨምሪልኝ።»

«አልቋል ሀቡባ። የሠራሁት የሚበቃዎትን ብቻ ነው።»

«ስስታም!» አሉኝ።

ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ። እስከ ዙህር ሶላት ድረስ ግን ሥራዬን እየጣልኩ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ።