አራተኛ ፎቅ ላይ የተመረቅኩት

ዛሬ እዚህ ቼክ አገር፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አሮጊት በር ላይ አንገቴን ደፍቼ ምርቃት ስጠብቅ «አመመህ እንዴ?» አሉኝ።

የገበያ ዕቃቸውን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሜላቸው ነው። ደሴ ቢሆን ገና ዕቃውን ሳነሳ ምርቃቱ ይዥጎደጎድልኝ ነበር!

ቼክኛ መማር ከጀመርኩ ዓመቴ ነው፤ «ይመርቁኝ» ማለትን ግን ማንም አላስተማረኝም። በተሰባበረ ቼክኛዬ «እኛ አገር ትልቅ ሰው ለልጅ ከአላህ መልካም ነገር ይለምናል» አልኳቸው።

«እኔ እኮ በፈጣሪ አላምንም» አሉኝ።

ግን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «እንግዲያው ስታረጅ እንደ እኔ ጉልበትህን አይመምህ።»

«አሚን!» አልኩ፣ ደረጃው እስኪያስተጋባ።

እናንተንስ በሰው አገር ማን፣ ምን ብሎ መረቃችሁ? እኔ እስካሁን የምጠይቀው፦ በፈጣሪ የማያምኑት ጎረቤቴ ማንን ይሆን የለመኑልኝ?