ስንጥቁ የእኔ አይደለም

ጣና ዳር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስትጠገን የውጭ ግድግዳዋ ተሰነጠቀ። «በመራጊዋ ስህተት» ተብሎ መዝገብ ላይ ተጻፈ። መራጊዋ እኔ ነኝ። ስህተቱ ግን የእኔ አልነበረም።

መራጊነቱን የጀመርሁት ገና ሙሽራ ሳለሁ ነው። አማቴ በመጀመሪያው ቀን ጭቃ አላስነኩኝም፤ ከተራራ ሥር የመጣውን ቀይ አፈር በወንፊት ስነፋ ዋልሁ። አንዲት ጠጠር አገኙና እንደገና አስነፉኝ።

አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ይቦካል፤ በየሦስት ቀኑ በእግር ይረገጣል። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ክፉኛ ይሸታል፤ በጣት ሲስቡት ይለጠጣል። ያኔ በስሏል። ከደቅ ደሴት እስከ ሰባታሚት መንደር እንዲህ የመረግሁት ሁሉ ዛሬም ቆሟል።

ለጥገናው የተላከው ኢንጂነር ወጣት ነው። በአሥረኛው ቀን ጭቃው መሽተት ሲጀምር አፍንጫውን ያዘ።

«እማማ፣ ይኼ ጎብኚ ያባርርብናል። ነገ ይመረግ።»

«አልበሰለም፣ ልጄ። ይሰነጠቃል።»

«ጭቃ ነው እኮ፤ ወጥ አይደለም!»

አብራኝ የምትረግጠው ጥሩዬ «ሽቶ እንርጭበታ!» ብላ አሳቀችን። እሱ አልሳቀም። እምቢ ካልሁ አብረውኝ የሚረግጡትን ሴቶች ሁሉ እንደሚያሰናብት ነገረኝ። መረግሁ። በዚህስ ራሴን እወቅሳለሁ። የተረፈውን ጭቃ ግን ከጉድጓዱ አላስደፋሁም።

በሳምንቱ ግድግዳው ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ኢንጂነሩ በስልኩ ፎቶ አንስቶ መዝገቡ ላይ «በመራጊዋ ስህተት» ብሎ ጻፈ፤ ሌላ መራጊ ይፈለግ አለ። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁና ራሴ አነበብሁት። የልጅ ልጆቼ ቤተ ክርስቲያን ያበላሸች ሴት ዘር ሊባሉ ነው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ኃላፊ፣ ወደ ገበዙ ሄድሁ። «አባ፣ ሁለት ክንድ ግድግዳ ይስጡኝ፤ በበሰለ ጭቃ ልምረገው።»

«ቢሰነጠቅስ?»

«ኢንጂነሩ የጻፈው ላይ እኔው እፈርማለሁ።»

ፈቀዱልኝ። የጉድጓዱ ጭቃ ሦስት ሳምንቱን ሲሞላ መረግሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ እየሄድን አየነው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አልወጣበትም። ኢንጂነሩ በጥፍሩ ቧጨረው፤ በጣቱ አንኳኳው።

«ሙሉውን መቼ ይጀምሩልኛል?»

«መዝገቡ ሲስተካከል።»

«እሱማ ወደ ላይ ሄዷል፣ እማማ።»

«ወደ ላይ የሄደ ይወርዳል።»

ሴቶቹም እግራቸውን ጭቃ ሳያስነኩ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን ኢንጂነሩ መዝገቡ የታረመበትን ወረቀት ይዞ መጣ። በገበዙና በሁላችን ፊት እንዲያነበው ጠየቅሁት። ጉሮሮውን ጠራርጎ አነበበ፤

«ስንጥቁ የመጣው ጭቃው ሳይበስል በመመረጉ ነው። መራጊዋ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»